ሁለት ጎማ አርባ፣ አራት ጎማ ሰማንያ

ለተከበሩ የስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አንገትዎ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንደ ቀድሞው መዞር ጀመረ? የግንባርዎስ እብጠት ጎደለልዎ? እኔም ሆንኩ መጻሕፍቱ፣ ጀርባቸው ከተገነጠለው አሥራ አንዱ በስተቀር፣ በጎ ነን፤ አሥራ አንዱም ሙጫ ተቀብተው ከድንጋይ ሥር ተኝተዋልና በቅርቡ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

«ሁለት ጎማ እየገፋ አርባ ከሄደ፣ አራት ጎማ እየገፋ ሰማንያ የማይሄድበት ምክንያት ስንፍና ብቻ ነው!» ይህን ቃል የተናገሩት የዛሬ ወር ገደማ ከጋራዡ አጠገብ ባለችው የሻይ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ እኔም የሰማሁት ባዶ ብርጭቆዬን ልመልስ በሩ ላይ ስደርስ ነው። የሰው ጨዋታ ቆሞ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ባላጣውም፣ ድምፅዎ ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም ላለ ሠራተኛ በእኩልነት የሚታደል ስለሆነ ጥፋቱ የጆሮዬ ብቻ ነው ለማለት እቸገራለሁ። ሌላው ሰው ሳቀ። እኔ ግን የኃላፊ ቃል መሬት ላይ አይወድቅም ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠራሁት። በስሌቱ መሠረት አንድ ጎማ ያላት የአትክልተኛችን ጋሪ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር መሄድ ይገባታል፤ ስለዚሁ ጉዳይ አትክልተኛውን ባነጋግረው «እሷማ የምትሄደው እኔ በሄድኩት ልክ ነው» ብሎ አሳፈረኝ። አራት እግር ያለው ጠረጴዛዬም ሁለት እግር ካለኝ ከእኔ በእጥፍ መፍጠን ሲገባው፣ ከሰባት ዓመት በፊት ካስቀመጥኩት ቦታ አንዲት ጣት አልተነቃነቀም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለት ዘንድ ለአስተዳደር አመልክቼ መልሱን በመጠባበቅ ላይ ነኝ።

በሳምንቱ ሰኞ ደግሞ ያው ስሌት ማኅተም አርፎበት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። «ፎርዊል የተገጠመላቸው ተሽከርካሪዎች ሁሉ ከግቢው በር እስከ መድረሻቸው ድረስ ፎርዊል አስገብተው፣ በሰዓት ከሰማንያ ኪሎ ሜትር ባላነሰ ፍጥነት እንዲጓዙ» ይላል። እንደሚያውቁት በግቢያችን ፎርዊል ያላት፣ ማለትም ሲፈለግ አራቱም ጎማ የሚገፋላት፣ አንዲት መኪና ብቻ ናት፤ እሷም እኔ የምሠራባት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት። ለአንዲት መኪና ብለው ሁሉንም ተሽከርካሪ የሚመለከት መመሪያ ለማውጣት በመድከምዎ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሰሌዳው ፊት ቆመው የሚያነቡ ሁሉ እኛን ላያውቁን ስለሚችሉ፣ ትዕግሥትዎን ለምኜ ጥቂት ላስተዋውቅ። መኪናችን ከኋላዋ እንደ ክፍል ተሠርቶ መደርደሪያ የተገጠመላት የጭነት መኪና ስትሆን፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ሺህ አራት መቶ መጻሕፍትና እኔን ጭና ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው መንደር ትወጣለች። መንገዱ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃያ ሁለቱ አስፋልት፣ ስድስቱ ጠጠር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሐሳቡን የሚቀይር ቀይ ጭቃ። ሹፌሩን እርስዎ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ባቀረቡት ክስ ላይ በመታወቂያ ቁጥሩ ጠቅሰውታል፤ ጋራዡ በሙሉ ግን አባ ዝግታ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀብሎት ይኸው ዛሬ ስልክ ሲያነሳ እንኳ «አባ ዝግታ ነኝ፣ ማን ልበል?» ይላል።

አባ ዝግታ ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንድ መስታወት አልሰበረም። በአስፋልቱ ላይ ፎርዊሉን ሳይነካ ስድሳ ይሄዳል። ጠጠሩ ሲጀምር ከማርሹ ጎን ያለችውን ትንሿን ማንሻ ወደ ቀላሉ ፎርዊል ያስገባና ወደ ሠላሳ አምስት ይወርዳል። ጭቃው ጋ ሲደርስ ግን መኪናዋን አቁሞ ይወርድና ሃምሳ እርምጃ ያህል በእግሩ ይሄዳል፣ መሬቱን በእንጨት ይወጋጋል፣ ተመልሶ ጫማውን ይጠርጋል፣ ማንሻዋን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ወደሚጨምረው ወደ ከባዱ ፎርዊል ይስባል፤ ከዚያም መሪውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «በይ እንግዲህ እናቴ፣ ማንም አይጠብቀንም» ይላታል። ይህ ሐሰት ነው፤ ከላይ ሃያ ሦስት አንባቢዎች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁናል። የሚዋሸው መኪናዋ እንዳትቸኩል ነው። ከዚያ በኋላ በሰዓት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄድን፣ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈንን ሰው ሰላም እያልን እንወጣለን። አዎ፣ በእግሩ የሚሮጥ ልጅ እንኳ ይቀድመናል፤ ግን አንድም ቀን ሳንደርስ ቀርተን አናውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው የፊታችን አርብ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ታዟል። ኮሚቴው እርስዎ ባቀረቡት ሐሳብ ከተስማማ ከመሪው ተነሥቶ በግቢው በር ላይ የብረቱን መዝጊያ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ጠባቂ ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት ኮረብታ ያወጣን ሰው ብረት ከማውጣት በቀር ወደማይወጣበት ቦታ ማውረድ ከባድ ውሳኔ ስለሆነ፣ እርስዎም ቸኩለው እንዳይጸጸቱ በማሰብ፣ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። መመሪያው በሥራ ላይ መዋሉን ሊያዩ አብረውን በወጡበት የመስክ ምልከታ ዕለት ክብርዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ እኔም ከኋላ በመጻሕፍቱ መካከል በታጣፊዋ ወንበር ላይ ሆኜ በመካከላችን ባለችው ትንሽ መስኮት ስመለከት፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ ፎርዊል እንዲገባ አዘዙ። ፀሐይ ወጥቷል፤ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ደርቋል። አባ ዝግታ «ጌታዬ፣ ይቺ መኪና በደረቅ መንገድ ፎርዊል ካስገቡባት ታኮርፋለች» ቢልዎት፣ እርስዎ «ታኩርፋ! ኩርፊያ በመመሪያው ላይ የለም» ብለው መለሱለት። በመመሪያው ላይ አለመኖሩን እኔም አንብቤ አረጋግጫለሁ። ነገር ግን መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንታጠፍ መኪናዋ መመሪያውን እንዳላነበበች ግልጽ ሆነ፤ ጎማዎቿ ሲጢጥ አሉ፣ ከሥር አንዳች ብረት አቃሰተ፣ ራሷም እግሩ ላይ ውኃ እንደፈሰሰበት ሰው ሁለት ጊዜ ዘለለች። መድኃኒት ቀማሚው ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ወጥቶ ተመለከተን። እርስዎም በዚያን ጊዜ የአባ ዝግታን ትከሻ መታ አድርገው «አየህ ጉልበቷን?» አሉት።

ጉልበት መሆኑን ለማረጋገጥ በማግስቱ ዋናዋን መካኒካችንን ጠየቅኋት። እሷም ከመኪና ሥር ሳትወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ረጅም ሶፋ ለሁለት ተሸክማችሁ በደረጃ መታጠፊያ ላይ ዞራችሁ ታውቃላችሁ? ከውጭ ያለው ብዙ ይራመዳል፣ ከውስጥ ያለው ትንሽ። አሁን የሁለታችሁን እግር አንድ ላይ እሰሩትና ዙሩ።» ነገሩ እንዲህ ነው ለካ፤ ፎርዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ፤ ሲታጠፉ ግን የፊቶቹ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና ጠጠር ላይ አንዱ ጎማ ትንሽ ተንሸራቶ ለጎረቤቱ ይለቅለታል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የሚለቅ ስለሌለ የሚሸነፈው ብረቱ ነው። መካኒኳ እጇን ብቻ ከመኪናው ሥር አውጥታ መፍቻ እየጠየቀችኝ «አንድ ወር በዚህ አያያዝ ከሄደች እኔው ጋ ትተኛለች፤ ንገሪያቸው» ብላኛለች። ይኸው በዚህ ደብዳቤ ነግሬያለሁ። ለእኔ ግን ትምህርት ስለሆነኝ አመሰግናለሁ፤ ክብርዎ መኪናዋን ባያዘልሏት ኖሮ ሶፋና መኪና የሚገናኙበትን ነጥብ ሳላውቅ ጡረታ እወጣ ነበር።

ሁለተኛ። ይህኛው ዋናው ስለሆነ ጥቂት ይረዝማል።

ጠጠሩ ላይ ስንገባ አባ ዝግታ እንደ ልማዱ ወደ ሠላሳ አምስት ሲወርድ እርስዎ ጣትዎን ከፍጥነት መቁጠሪያው ላይ አሳርፈው «ይህ እኮ ግማሹም አይደለም» አሉ። እሱም «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ከዚህ በልጬ አላውቅም» አለ። እርስዎም «ዛሬ ትበልጣለህ» አሉት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ሰው እንዲህ ያለ እምነት ጥሎበት ስለማያውቅ ይመስለኛል፣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ጭቃው ጋ ስንደርስ ደግሞ ሊያቆምና ወርዶ መሬቱን ሊያይ ሲል፣ «ለመራመድ ከሆነ መኪና ለምን አስፈለገ?» ብለው ከለከሉት። ጥያቄው እስከ ዛሬ ድረስ ጋራዡን እያነጋገረ ሲሆን፣ መልስ ያገኘለት የለም።

መቁጠሪያው ሃምሳ አምስት ሲያሳይ አየሁ። ቀጥሎም ስድሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን መቁጠሪያውን ስላላየሁት በሌላ ምልክት ልናገር፦ በመጀመሪያ የልብ ወለዱ መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ የእርሻው፤ በመጨረሻም የሕጉ፣ ምክንያቱም የሕግ መጻሕፍት ከባድ ስለሆኑ ለመነሣት ጊዜ ይወስድባቸዋል። መኪናዋም የረሳችው ዕቃ ትዝ እንዳላት እመቤት፣ ያለ ጥድፊያና በታላቅ ክብር ግማሽ ዙር ዞረች፤ ፊቷንም ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። በዚያው ቅጽበት የመዝገበ ቃላቱ ሁለተኛ ቅጽ በመካከላችን ባለችው መስኮት በኩል አልፎ ግንባርዎን ያገኘው እኔ ወደ እርስዎ ላደርሰው አስቤ እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ማረጋገጥ እወዳለሁ። በቤተ መጻሕፍታችን ታሪክ ያለ ፊርማ የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው፤ በመዝገቡም ላይ በስምዎ አስፍሬዋለሁ።

አባ ዝግታ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሣ «ፎርዊል እኮ ለመሄድ ነው እንጂ ለመቆም አይረዳም ጌታዬ» አለ። ይህ ቃል በሪፖርትዎ ላይ «ሹፌሩ ለኃላፊው የማይገባ መልስ ሰጠ» ተብሎ ተመዝግቧል። ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሁለተኛው ክስ ነው፦ «ያለ ስምሪት ትእዛዝ ተሽከርካሪውን ወደ መነሻው አቅጣጫ ማዞር።» እኔ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የተንሸራተተን መኪና በፈቃድ ጥያቄ አለማቅረብ የከሰሰ ጸሐፊ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ወደፊት ስንንሸራተት ማመልከቻውን ከመንሸራተታችን ስንት ቀን አስቀድመን ማስገባት እንዳለብን ቢያሳውቁን፣ ቅጹን አባዝቼ ከመሪው ጎን አስቀምጣለሁ።

ሦስተኛ። ከላይ የጠቀስኩት የአባ ዝግታ ቃል እርስዎን ካስቀየመ፣ እኔ ለስለስ አድርጌ ልድገመው። መኪና ሲሄድ ሁለት ወይም አራት ጎማ ሊገፋው ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን ማንኛዋም መኪና፣ ድሃዋም ሀብታሟም፣ ያው በአራቱም ጎማዋ ነው የምትቆመው። ስለዚህ ፎርዊል ያስገባ ሹፌር ጭቃ ላይ ከሌላው ቀድሞ ይፈጥናል፣ ከሌላው ቀድሞ ግን አይቆምም። በሌላ አነጋገር፣ ወደ ገደሉ አፋፍ በበለጠ ብርታት ይደርሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ሰዎች መኪና ሳያዩ እንዴት ይህን እንዳወቁ ሳስብ እገረማለሁ፤ እርስዎ መኪና እያዩ እንዴት እንዳላወቁት ግን አላስብም፤ አክብሮቴ አይፈቅድልኝም።

አራተኛ። ከተንሸራተትን በኋላ የሆነውን ሪፖርትዎ «ከዚህ በኋላ የሚጠቀስ ነገር አልታየም» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ፍጹም እውነት ነው፤ ተኝተው ነበርና። ለታሪክ እንዲቀር እኔ ላስታውስዎ። አባ ዝግታ ወረደ፣ ሃምሳ እርምጃውን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጫማውን ጠረገ፣ መኪናዋን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያደረገ ቀስ ብሎ አዞራት፤ ማንሻዋንም ወደ ከባዱ ፎርዊል አስገብቶ ለመኪናዋ የተለመደውን ውሸት ነገራት። በአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር መውጣት ጀመርን። ጎማዎቹ ሳይጮሁ፣ ሞተሩ እያንጎራጎረ፣ እርስዎም መሐረብዎን በግንባርዎ ላይ እንደያዙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደዎ። ሦስቱን ኪሎ ሜትር በሩብ ሰዓት ጨረስን። ክብርዎ ሙሉ በሙሉ ያልተቃወሙት የጉዞው ክፍል ይህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መጽሐፍ ልጠቁምዎ። ከፊት ባለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ አለ። እኔ የመለያ ቁጥር ሰጥቼ መዝግቤዋለሁ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም አልተዋሰውም። በገጽ ሰባ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ በደረቅና ጠንካራ መንገድ ፎርዊል አታስገቡ፤ በሚያንሸራትት መንገድ ቀላሉን ፎርዊል አስገብታችሁ መንገዱ በፈቀደው መጠን ሂዱ፣ ምንም ቢሆን ግን ከሰማንያ አትለፉ፤ በከባዱ ፎርዊል ደግሞ ከአርባ አትለፉ፣ ዳገትና ጭቃ ላይ በዝግታ ሂዱ። እንደሚያዩት በቁጥሩ ላይ እርስዎና መጽሐፉ ፍጹም ተስማምታችኋል፤ የተለያያችሁት መጽሐፉ ጣሪያ ያደረገውን ሰማንያ እርስዎ ወለል በማድረግዎ ብቻ ነው። መጽሐፉ ለአሥራ አራት ቀን ይዋሳል። ሥዕሎችም አሉት።

አምስተኛ። መንደሩ ውስጥ አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ አሉ፤ እማማ እንላቸዋለን። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ጀምረው ሁለተኛውን ክፍል እንዳመጣላቸው አደራ ብለውኝ ነበር። በምልከታው ዕለት ስንደርስ መጻሕፍቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተደበላልቀው ስለነበር፣ በጥድፊያ አንስቼ የሰጠኋቸው በቀለም የሚመሳሰለውን፣ ስለ ዶሮ በሽታዎች የተጻፈውን ነው። በሳምንቱ ስመለስ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝና «የኔ ልጅ፣ ጥሩ ነው፤ ግን እንደ መጀመሪያው ክፍል አያስለቅስም። ሴትየዋስ የት ሄደች?» አሉኝ። አሁን ሦስተኛውን ክፍል እየጠበቁ ነው። ይህ የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም፤ ሴትየዋ የት እንደሄደች ካላወቁ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነግረውኛልና፣ የመመሪያው ጉዳት ከጎማና ከብረት አልፎ ወደ ሰው ትዳር ገብቷል፤ የልብ ወለድ ቢሆንም ትዳር ነው።

ስድስተኛውን ቅሬታ ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ። ስለ ሻይ ክፍሉ ነበር።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አርብ ዕለት ኮሚቴው ፊት «ሐሳቤን አንሥቻለሁ» ብለው አባ ዝግታን ከመሪው ላይ ይተዉልን። ሠላሳ አንዱን ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረሱ እንደ ስንፍና መቆጠሩ ቀርቶ፣ ሁልጊዜ ማድረሱ እንደ ሥራ ይቆጠርለት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ተረቱ እንቁላሉ ስንት እግር እንዳወጣና በሰዓት ስንት እንደሄደ አይናገርም፤ ምናልባትም ያንን የሚወስን የስምሪት ክፍል በዚያን ዘመን ስላልነበረ ይሆናል። ደግሞም የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል የሚለቅመው ማን እንደሆነ እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ባለፈው አንድ ሺህ አራት መቶውን የለቀምኩት እኔ ነኝና። እርስዎ የእጅ ባትሪ ይዘው በማብራትዎ፣ ምንም እንኳ ቀን ቢሆንም፣ ውለታዎን አልረሳም።

ስለ ሰጡኝ ዕውቀት፣ ስለ ለወጡት የመደርደሪያ አቀማመጥ፣ እንዲሁም ለጠቅላላው ግቢ ስለ ፈጠሩት መነጋገሪያ ያለኝን ምስጋና በቃላት መግለጽ ስለማልችል፣ መዝገበ ቃላቱ ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ እንደ ገና እሞክራለሁ። መንገድዎ ደረቅ፣ ጎማዎ ነፃ፣ አንገትዎ ጤነኛ ይሁን። ሁለት እግር ብቻ ስላለኝ በግማሽ ፍጥነት የማገለግልዎ፣

የተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መዝጋቢ፣ ጠራጊና መጽሐፍ ለቃሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጧት ሰሌዳው ላይ ልለጥፈው ስል፣ ጉዳዩ የእሱ ነውና፣ ጋራዡ ውስጥ ለአባ ዝግታ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማ፤ እንቁላሉ ጋ ስደርስ ሳቀ። ስጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገና «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ለኔ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎልኝ አያውቅም። ግን እባክሽ አርብ ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ለጥፊው» አለኝ። «ምነው ጋሼ?» ስለው፣ ወገቡ ጭቃውን ከጠላው ስምንት ዓመት እንዳለፈው፣ በሩ ላይ ጥላና ወንበር እንዳለ፣ ብረቱንም የሚያነሣው በገዛ ፍጥነቱ እንደሆነ አጫወተኝ። ወደ በር ጥበቃ ይዛወር ዘንድ ለክፍልዎ አራት ጊዜ አመልክቷል፤ አራቱንም ጊዜ «ልምድ ያለው ሹፌር ስለሆነ አይፈቀድም» የሚል መልስ በእርስዎ ፊርማ ደርሶታል፤ ወረቀቶቹን አይቻቸዋለሁ። ስለ ክሱ ምስጋናውን እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።